ደክሞኝ መስሎኝ

ፊቤ ጆሃንስበርግ በገባች በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ጣላት። ለወትሮው እንዲህ ያለች ሰው አልነበረችም። ሆሳዕና ሳለች አውቶቡስ ከተሳፈረች ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል የምትሄድ ልጅ ነበረች። የነርስነት ትምህርት ግን ሰውን ከአመሉ ያወጣል። ስታጠና አምሽታ፣ ወፍ ሳይንጫጫ አክስቷ ቤት ከምትኖርበት ከዱርንፎንቴን ተነሥታ፣ ለተግባር ልምምድ ወደተመደበችበት የኦሬንጅ ፋርም ክሊኒክ ስትጓዝ፣ ራሷ ቀስ እያለ ዘመም አለና አጠገቧ በተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ አረፈ።

ስትነቃ ታክሲው ቆሟል። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዷል። አጠገቧ አንድ ቀጠን ያለ ጠይም ወጣት ብቻ ቀርቷል፤ ጉልበቱ ላይ የሻማ ካርቶን አስቀምጦ፣ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ እንደ ግድግዳ ደርቆ ተቀምጧል። ሹፌሩ በመስተዋቱ እያያቸው ይሥቃል።

«የት ነው ያለሁት?» አለች በእንግሊዝኛ።

«መጨረሻው ላይ» አላት ወጣቱ፣ በአማርኛ።

ክው አለች። «ክሊኒኩስ?»

«ክሊኒኩን አለፍነው። ቆየን።»

«የነርስ ልብስ ለብሼ እያየኸኝ? ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

ወጣቱ ካርቶኑን ከጉልበቱ አንሥቶ ምን እንደሚያደርገው ስላጣ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ልቀስቅስሽ ብዬ ነበር፤ አሳዘንሽኝ። እንደዚህ ተኝቶ ያየሁት ሰው የለም። ደግሞ በእንቅልፍሽ ታወሪያለሽ።»

«ምን አልኩ?»

«በሀዲይኛ፣ ‹ያዙት! ሊወድቅ ነው!› እያልሽ ነበር።»

ፊቤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ባለፈው ቀን አንድ ሽማግሌ ከምርመራ አልጋ ላይ ሲንሸራተት ሮጣ ሳትደርስለት ቀርታ ነበር። ያንን ነው ሌሊቱን ሁሉ ስታልም ያደረችው።

«ሶፎንያስ እባላለሁ» አላት ወጣቱ። «የጊምቢቹ ልጅ ነኝ። ሱቄ እዚሁ ማዶ ነው። ጎረቤቴ አትክልት የምታዞርበት ባኪ፣ ፒካፕ መኪና፣ አላት፤ ለምኜ አደርስሻለሁ። የኔ ጥፋት ነው።»

ከጎመንና ከሽንኩርት ጆንያ መሐል ተቀምጣ ክሊኒኩ ደረሰች። ሲስተር ኖምቩላ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ጡረታ ለመውጣት የተቃረበች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ብዙ የማትቆጣ ብትቆጣም የማትጮኽ ሴት ናት። ሰዓቷን አየችና የፊቤን ፀጉር በጣቷ ነካችው። ከፀጉሯ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አነሣች።

«ገበያ ነበርሽ?» ብላ ገባች።

ፊቤ ኮሌጁ ውስጥ በጽሑፍ ፈተና የሚስተካከላት አልነበረም። የልብን ደም ሥር በስም በስሙ ትጠራለች፤ የመድኃኒት መጠን ስታሰላ ወረቀት አትፈልግም። በሽተኛ ፊት ስትቆም ግን አፏ ይያያዛል። እዚያ የሚመጣው ሰው የሚያወራው ዙሉና ሶቶ ነው። እንግሊዝኛም የሚችለው ሲያመው የእናቱን ቋንቋ ነው የሚመርጠው። ፊቤ ደም ግፊት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ትጨርሳለች። በሽተኞቹ እርስ በርሳቸው «ያቺ ዱዳዋ» እንደሚሏት ሰምታለች።

«እጅሽ ጎበዝ ነው» አለቻት ሲስተር ኖምቩላ አንድ ቀን ጓንቷን እያወለቀች። «አፍሽ ግን ተቆልፏል። ሰው ዝም ብለው ሲነኩት ዕቃ የሆነ ይመስለዋል።»

ይህን ለሶፎንያስ የነገረችው በሌላ ቀን ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነው። እሱ ዕቃ ሊያመጣ ከተማ አድሮ ሲመለስ፣ እሷ ወደ ክሊኒክ ስትሄድ፣ በሳምንት አንዳንዴ ይገናኙ ጀምረዋል። ያን ቀን እንቅልፏን ታግላ ነቅታ ነበር።

«እኔ ስመጣም ዱዳ ነበርኩ» አላት። «ሰው ‹ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ› ሲለኝ ሳሙና እሰጥ ነበር። እየተሣቀብኝ ለመድኩት። ምን ምን ማለት ነው የምትፈልጊው?»

«የት ነው የሚያመው?»

«ኩቡሽሉንጉ ኩፒ?»

ደገመችው። ከፊት የተቀመጡት እናት ዘወር ብለው እያዩዋት ወገባቸውን ያዙና «እዚህ!» አሏት። ታክሲው በሣቅ ተናጋ። ፊቤም ሣቀች። ጆሃንስበርግ ከገባች ወዲህ እንዲያ ድምፅ አውጥታ የሣቀችበት ቀን ትዝ አይላትም።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓቷን ሱቁ ውስጥ ታሳልፈው ጀመር። ከክሊኒኩ ሱቁ ድረስ በውስጥ ለውስጥ አቋራጭ በእግር ብዙ አያስኬድም። ጠባብ የብሎኬት ቤት ናት፤ ከፊት ለፊቷ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ደንበኛው በፍርግርጉ ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ዳቦውን፣ የስልክ ካርዱን፣ አንዲት ፍሬ ሲጋራውን ይቀበላል። የሶፎንያስ ሸሪክ ዱባለ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ሶፎንያስ ብቻውን ነው። ለእሷ የሩዝ ጆንያ ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ ያነጥፍላታል፤ ሻይ ያፈላል፤ በሽያጭ መሐል ቃል ያስጠናታል።

«ያስልሃል ወይ?»

«ኡያኩዌሽሌላ?»

«ሌሊት ያልብሃል?»

«ኡያጁሉካ ኤቡሱኩ?» ይላትና ራሱ በሣቅ መሐል ያስለዋል። «አቧራው ነው» ይላል ደረቱን እየዳበሰ።

ሰኔና ሐምሌ በዚያ አገር የብርድ ወራት ናቸው። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች መንደር ውስጥ ጠዋት ማታ ከሰል ይነዳል፤ ጢሱ ሳይበተን መንደሩ ላይ ተኝቶ ይውላል። ሁሉም ያስለዋል። ፊቤ ሻይዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ይከደናል። ስትነቃ የእሱ ጃኬት ላይዋ ላይ አለ፤ እሱ ደግሞ እንዳይረብሻት ደጅ ወጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አፉን በክርኑ አፍኖ ሲስል ትሰማለች። በግማሽ እንቅልፍ ትሰማዋለች፤ ከዚያ ሰዓቱ ደርሶ ሮጣ ትወጣለች።

አንድ ቀን ስትነቃ ባንኮኒው ላይ አገጩን አስደግፎ ሲያያት አገኘችው።

«ምን ታያለህ?»

«ምንም።» ዓይኑን አሸሸ። ትንሽ ቆየና፣ «ፊቤ፣ እኔ ነገር ማሳመር አልችልም» አላት። «ከነጋ ጀምሮ የማስበው አንቺ የምትመጪበትን ሰዓት ነው። በቃ።»

ፊቤ ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበች። «እኔ እኮ የምመጣው ለመተኛት ነው። አሰልቺ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ፊት ትተኛለሽ?»

አሰበችበት። የአክስቷ ቤት እንኳ በሯን ቆልፋ ነው የምትተኛው። «አልተኛም» አለች።

«እንግዲያው ይበቃኛል።»

ያን ዕለት ክሊኒክ ስትመለስ ሲስተር ኖምቩላ ቀና ብላ አየቻት። ለአንዲት አሮጊት «ሳውቦና ጎጎ፣ ኩቡሽሉንጉ ኩፒ?»፣ ሰላም አያቴ፣ የት ያምዎታል፣ ስትል ሰምታት ነበር።  ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውን ጥያቄ የመጠየቁን ሥራ ለፊቤ ሰጠቻት።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ወረፋ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እየዞሩ አራት ነገር መጠየቅ ነው። ታስላለህ? ሌሊት ያልብሃል? ከስተሃል? ትኩሳት አለህ? ፊቤ ቀኑን ሙሉ ትጠይቃለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት የቀን ሠራተኛ ሴት አገልድመው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ለሁሉም «አዎ» አሏት፤ አዎ ባሉ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራሉ። «ደክሞኝ ነው፣ ልጄ። ሥራው ነው። ደክሞኝ ነው።»

ፊቤ ብዕሯን እንደያዘች ቀረች። የጠየቀችበትን ቃል ያስተማራትን ሰው ድምፅ ሰማች። ከሣቁ በኋላ የሚመጣውን ሳል ሰማች። ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ። አቧራው ነው። ጃኬቱን የሚያለብሳት ትኩሳት ስለሚያቃጥለው እንደነበርም ገባት፤ በዚያ ብርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ አይታዋለች፤ አይታም ዓይኗን ከድናለች።

ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ሱቁ ስትደርስ ሶፎንያስ የዘይት ጄሪካን እያነሣ ነበር። ከመሬት ከፍ አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

«ቀበቶህን አሳየኝ» አለችው።

«ምን?»

«ቀበቶህን!»

ሸሚዙን ገለጥ አደረገ። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው እየራቀ ወደ ውስጥ የገባ። ፊቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ሶፎንያስ፣ አትቀልድብኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልህ? ሌሊት ያልብሃል አይደል?»

ባንኮኒውን ተደገፈ። ውጭ አንድ ሰው «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» እያለ ፍርግርጉን ያንኳኳል። አልመለሰለትም።

«ደክሞኝ መስሎኝ ነው» አላት በመጨረሻ። «እዚህ አገር ያልደከመው ማን አለ? ዱባለም ደክሞታል። አንቺም ደክሞሻል። ሁሉም ሰው እንደዚህ የሚኖር ነው የመሰለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ…» አልጨረሰችውም። እኔ እኮ ነርስ ልሆን ነው ልትል ነበር፤ አፈረች።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒክ ሊመጣ ተቀጣጠሩ። በማግስቱ ጠዋት ግን በሩ ላይ ሌሎች ሰዎች ቆመው ነበር። በዚያ ሰሞን በየክሊኒኩ በር ላይ መታወቂያ እየጠየቁ የውጭ አገር ሰው የሚመልሱ ሰዎች ይቆሙ ነበር፤ ያን ቀን የእነሱ ክሊኒክ ተራ ደረሰ። ዘበኛው ወንበሩን አንሥቶ ጥግ ይዟል። ፊቤ በመስኮት ስታይ ሶፎንያስ ወረፋው ውስጥ ቆሟል፤ ሰማያዊ ኮፍያ አድርጓል፤ ተራው ሲደርስ የታጠፈች የጥገኝነት ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። አንዲት ሴት ወረቀቷን በጣቷ ጫፍ ይዛ ለሌሎቹ አሳየችና መለሰችለት። በእጇ መንገዱን አሳየችው። «ሃምባ!» ሂድ።

አልተከራከረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዞረ። ያ መዞሩ ነው ፊቤን ያንገበገባት፤ የለመደው ሰው አዟዟር ነበር።

ወደ በሩ ስትሮጥ ሲስተር ኖምቩላ ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት። «የት?»

«ሲስተር፣ ያ ሰውዬ በሽተኛ ነው። ሳንባው ነው። እርግጠኛ ነኝ። መልሰውታል።»

«አንቺም የነሱ ሰው አይደለሽም። ወጥተሽ ብትጮኺ አንቺንም ያስወጡሻል፤ ትምህርትሽ እዚያው በር ላይ ያልቃል።» ክንዷን አልለቀቀችም። ፊቷ የደከመ ነበር። «በሩ ዛሬ የኔ አይደለም» አለች። ከዚያ የመድኃኒት ክፍሉን ከፍታ አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ የአክታ ዕቃ አወጣችና ፊቤ እጅ ላይ አስቀመጠቻት። «ይቺ ግን የኔ ናት። ከልብስ ማጠቢያው በስተጀርባ አጥሩ ጋ ሰው የለም። አፍሽን ሸፍኚ።»

ፊቤ ደወለችለት። አጥሩን ዞሮ መጣ። መሐላቸው የሽቦ አጥር አለ፤ ከእሷ በኩል የተሰጡ አንሶላዎች ነፋስ ያርገበግባቸዋል፤ ከእሱ በኩል ቆሻሻና ደረቅ ሣር። ዕቃዋን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከችለት።

«ምን ላድርግ?»

«በረጅሙ ተንፍስ። እንደገና። ከዚያ ከደረትህ ሥር ሳል። ምራቅ አይደለም የምፈልገው።»

ዕቃዋን ይዞ ቆመ። ጆሮው ቀላ። «ዞር በይልኝ» አላት። «እንዲህ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈልግም።»

«አልዞርም።»

«ፊቤ፣ በናትሽ።»

«እስከ ዛሬ ሳላይህ ነው እዚህ የደረስነው። አሁን አያለሁ። ሳል።»

ሳለ። ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ እጁ ሽቦውን ጨብጦ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳለ። ፊቤ ጣቶቿን በሽቦው ላይ በጨበጡት ጣቶቹ ላይ ጣል አደረገች፤ በጓንት ነው፣ ግን ነካችው። ሲጨርስ ክዳኑን ገጥሞ አቀበላት። አክታው ውስጥ ቀይ ክር ነበረበት። ሁለቱም አዩት።

«ሂድና ተኛ» አለችው። «ሱቁን ዱባለ ይክፈት። መስኮት ክፈት። እኔ እደውላለሁ።»

«እንደ እውነተኛ ነርስ ሆነሻል» አላት፤ ሊሥቅ ሞከረና አልቻለም።

ውጤቱ እንደፈራችው ሆነ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሲስተር ኖምቩላ ታንዲ የምትባል፣ ቤት ለቤት መድኃኒት የምታደርስ የጤና ሠራተኛ ጠርታ የሶፎንያስን ሱቅ አሳየቻት። ከዚያ ፊቤን አስቀመጠቻት።

«ከሰውዬው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ማነው? ሁሉም መመርመር አለበት።»

«ሸሪኩ። ዱባለ።»

«ሌላስ?»

ፊቤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል አየች። ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። «እኔ» አለች።

ሲስተር ኖምቩላ ብዕሯን አስቀመጠች። «በየቀኑ ታዪው ነበር ማለት ነው። እንዴት አላየሽውም?»

«እተኛ ነበር።»

የሚሣቅበት ነገር አልነበረም፤ ማንም አልሣቀም። አሮጊቷ ነርስ ከወንበሯ ቀስ ብላ ተነሣች። «እኔም ባሌን በስኳር ያጣሁት እዚሁ እየሠራሁ ነው» አለችና የደረት ራጅ የምትነሣበትን ቀን ነገረቻት።

ፊቤ ነጻ ሆና ተገኘች። ቢሆንም ለአክስቷ መንገር እንዳለባት አመነች፤ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። አክስቷ በቀለችና ባሏ ጋሽ ለገሠ መሐል ከተማ መጋረጃና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ፤ የደቡብ ልጆች በሚበዙበት ቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሰዎች ናቸው። እሁድ ከምሳ በኋላ ፊቤ ሁሉንም ከታክሲው ጀምራ ነገረቻቸው።

በቀለች ስለ በሽታው አልጠየቀችም። «ሱቁ የት ነው ያልሽኝ?» አለች።

«ኦሬንጅ ፋርም።»

«ሎኬሽን ውስጥ።»

«አዎ፣ አክስቴ።»

በቀለች ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች። ጋሽ ለገሠ በጣቱ ጠረጴዛውን እየነካካ፣ «ደመቀን አታውቂውም አንቺ» አላት በለሆሳስ። «ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ ናት ያስመጣችው። ሎኬሽን ሱቅ ከፈተ፤ ዓመት አልሞላውም፤ ተኩሰው ገደሉት። ሬሳውን የተረከበችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ወገን እግሯን አንሥታ አታውቅም። አንቺንም ለልምምድ እዚያ ሲመድቡሽ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ ነበር።»

በሳምንቱ ሶፎንያስ ደወለ። ድምፁ ሩቅ ነበር።

«ፊቤ፣ ከእንግዲህ አትምጪ።»

«መድኃኒቱን ጀምረሃል እኮ። ትንሽ ቀን ካለፈ አይተላለፍም፣ ሰው…»

«በሽታውን አይደለም የምልሽ። አክስትሽ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ዱባለን ይዛ ስታለቅስ ነበር። ‹ያቺን ልጅ አትቅበሩብኝ› ነው ያለችው። እኔ እናት አስለቅሼ የምገነባው ቤት የለኝም።»

«እኔስ? እኔ ሳለቅስ ማን አየኝ?»

ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ «ትምህርትሽን ጨርሺ» አላትና ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ብትደውል አላነሣም።

ኮሌጁ ከዚያ ወር በኋላ ወደ ሰሜኑ የከተማው ክፍል፣ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል አዛወራት። ክረምቱ አልፎ የጃካራንዳው ወይን ጠጅ አበባ አስፋልቱን ሸፈነ፤ ፊቤ እየረገጠችው አለፈች። ትሠራለች፣ ትመለሳለች፣ ታጠናለች። አክስቷ ምግቧን ከድና ታስቀምጥላታለች፤ አትናገራትም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች እየተፈላለጉ ተኮራረፉ።

ሥራው ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነች። «ደክሞኛል» ያላትን ሰው ሁሉ ቁጭ አድርጋ ትጠይቅ ጀመር፤ ከመቼ ጀምሮ? ስንት ደረጃ ስትወጪ? እግርሽ ያብጣል? አንዷ የጽዳት ሠራተኛ በዚህ ጥያቄ የተነሣ የልብ ሕመሟ ታወቀላት። ጥቅምት ላይ ስትንከባከባቸው የነበሩ አንዲት አሮጊት በእጇ ላይ ሞቱ። የመጀመሪያዋ ነበሩ። ገላቸውን ስታጥብ አብራት የምትሠራው ልጅ ቸኮለች፤ ፊቤ አልቸኮለችም። ክንዳቸውን ስታነሣ «ኡሾሎ ጎጎ» አለቻቸው፤ ይቅርታ፣ ላዞርዎት ነው። ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለሶፎንያስ መልእክት ጻፈች። መልስ አልጠበቀችም፤ አልመጣምም።

ከታንዲ ግን አልፎ አልፎ ወሬ ይመጣላታል። «ሰውዬሽ ኪኒኑን አላቋረጠም። ወፈር ብሏል። ‹በልታ ትውላለች ወይ?› ይለኛል። እኔ በምን አውቃለሁ?»

ሕክምናው ሲያልቅ ታንዲ ደውላ ነገረቻት፤ ድኗል፤ ሳንባው ንጹሕ ነው። ፊቤ ያን ምሽት ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አክስቴ፣ ሶፎንያስ ድኗል።»

በቀለች አንገቷን ቀና አላደረገችም።

«ተደብቄ አልሄድም። ሳትመርቂኝም አላገባም። ግን ሌላ ሰውም አላገባም። ይህን እንድታውቂው ነው።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«አይደለም። ደክሞኛል፣ አክስቴ። ዝም ማለት ደክሞኛል።»

ጋሽ ለገሠ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቄ» አለ፣ «ልጅቷ እኮ ልትጠፋ ትችል ነበር። ፊታችን ተቀምጣ ነው የምትነግረን።»

ያን ቀን በቀለች ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች። በቀጣዩ እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በቀለች ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ተነሺ፤ አሳዪኝ» አለቻት።

መንገዱን ሙሉ የፊቤን እጅ ይዛለች፤ ኦሬንጅ ፋርም ሲቃረብ ጠበቅ አደረገችው። ሶፎንያስ በፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ሲያያቸው የያዘውን ዳቦ ለደንበኛው መስጠት ረስቶ ቀረ። ፊቱ ሞልቷል፤ ፊቤ የማታውቀው ጉንጭ አውጥቷል። በሩን ከፍቶ ወጣና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። በቀለች እጇን ሰጠችው፤ ፊቱን አላየችም። ገባች።

ሱቁን ዞራ ዞራ አየችው። ጣሪያውን አየች፤ የፍርግርጉን ብየዳ ነቀነቀችው፤ የመኝታ ክፍሉን መጋረጃ ገልጣ ወደ ውስጥ አየች። ከጀርባ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ መታችው።

«በዚህ በኩል መውጫ የለውም?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«የደመቀም አልነበረውም» አለች።  «ከፊት ሲመጡበት የሚወጣበት አጣ። ስልኩን አንሥቶልኝ ነበር። ‹እቴ፣ መውጫ የለኝም› ነበር ያለኝ።»

 ፊቤ ልታቅፋት ቀረብ አለች፤ በቀለች በእጇ አስቆመቻት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ አምጥታ ዓይኗን ጠረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፎንያስን ቀና ብላ አየችው።

«በዚህ በኩል በር አውጣ። ብረት ይሁን፤ ከውስጥ የሚከፈት። ከዚያ ሽማግሌ ላክ።»

በሩን ዱባለና ሶፎንያስ ራሳቸው ሰበሩት። ብሎኬቱ ሲፈርስ የጎረቤት የጓሮ ብርሃን እስከ ሩዙ ጆንያ ድረስ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ በቀለች ሦስት ጊዜ ካስመላለሰቻቸው በኋላ «እሺ» አለች። ፊቤ የመጨረሻ ፈተናዋን አልፋ ተመረቀች። የሥራ ፈቃዷ እስኪመጣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳትነት ተቀጠረች፤ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ጠበቀች። ሠርጉ እሁድ ሆነ፤ ቅዳሜ ሱቅ አይዘጋምና። ሲስተር ኖምቩላ በዱላ እየተደገፈች መጣች፤ ከሙሽሪት ወገን ተቀምጣ ለበቀለች በእንግሊዝኛ የጉልበቷን ሕመም ስታወራ፣ በቀለችም በሀዲይኛ ስትመልስላት ዋለች።

ሰኞ ማለዳ ሶፎንያስ ሱቁን ከፈተ። ፊቤ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሥራ ልብሷን እየቆለፈች ነበር። እግሯ አብጧል፤ ፀጉሯ ውስጥ የሠርጉ ጌጥ ገና አልወጣም። ከፍርግርጉ በኩል የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማች።

«ማይ ፍሬንድ! ትናንት የት ገባህ? ልጆቼ ያለ ዳቦ አደሩ!»

«ንጊሻዲሌ፣ ማማ» አላት ሶፎንያስ። አግብቼ ነው።

ሴትዮዋ ዳቦውን ትታ ፍርግርጉን ያዘች። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። ከመንገዱ ማዶ ልብስ የምታሰጣ ሌላ ሴት ነገሩን ሳታውቅ ተቀበለቻት፤ ከአትክልት ሻጯም ቤት በኩል አንዲት ቀጠለች፤ መንደሩ በማለዳ በእልልታ ተነሣ።

«ሙሽራዋን አሳየና!»

ፊቤ አንዱን ጫማዋን በእጇ እንደያዘች መጋረጃውን ገለጠች። ሶፎንያስ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ዘረጋላት። ወጣች። በፍርግርጉ ማዶ ብዙ ፊት ነበር።

«ሳኒቦናኒ» አለቻቸው ጮክ ብላ፣ እንደምን አደራችሁ፤ ከዚያም ለባሏ በአማርኛ፣ «ፍጠን፣ ዳቦውን ስጣቸው። ይረፍድብኛል።»